በቁጥርና በሚዛን

ስለ ዕዝራ ስናነሣ ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ጾሙን ነው። ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሊወጣ ሲል በአኅዋ ወንዝ አጠገብ ጾም አወጀ። የእግዚአብሔር እጅ ከሚፈልጉት ጋር እንደ ሆነች ለንጉሡ ተናግሮ ስለ ነበር፣ በመንገድ ከጠላት የሚጠብቁትን ወታደሮችና ፈረሰኞች መጠየቅ አፈረ። ይህን ክፍል በወጣቶች ጉባኤ ደጋግማችሁ ሰምታችሁታል። ከጾሙ ቀጥሎ ያለውን ግን አንብበን እናልፈዋለን። ዕዝራ ከጸሎቱ ሲነሣ ከካህናቱ አለቆች አሥራ ሁለት ለየ፤ ብሩን፣ ወርቁንና ዕቃዎቹን መዝኖ ሰጣቸው። ብሩ 650 መክሊት፣ ወርቁ 100 መክሊት ነበር። ኢየሩሳሌም በደረሱ በአራተኛው ቀን ሁሉም እንደ ገና ተቆጠረ፤ ተመዘነ፤ ክብደቱም ተጻፈ (ዕዝራ 8)።

ወታደር መጠየቅ ያሳፈረው ሰው ሚዛን ማውጣት አላሳፈረውም። በእግዚአብሔር ስለ ታመነ መመዘኑን አልተወም፤ እንዲያውም የእግዚአብሔርን ዕቃ ስለ ያዘ ይበልጥ መዘነ።

በዚህ ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሠሩ፣ ወይም ተመርቃችሁ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ማመልከቻ የምትሞሉ የምህንድስና ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ሚዛን የእናንተም ነው። በመካከላችሁ ቀስ ብሎ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ «ሁሉም የሠራውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይጽፋል። ያላደረገ ወደ ኋላ ይቀራል። ጾሜ ጸልዬ የጠበቅሁት ዕድል ሐቀኛ በመሆኔ ቢያመልጠኝስ? ጥቂት ብጨምር ማንን ጎዳሁ?» ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በአንድ ጥቅስ ዘግተን የምናልፈውም አይደለም።

ምርምር ለምን ይጠየቃል?

ጥያቄውን የሚያከብደው የመነሻው ቦታ እኩል አለመሆኑ ነው። ብዙዎቻችሁ ለማመልከት በምታስቡባት አሜሪካ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን ከምርምር ጋር የሚያገናኝ የተደራጀ መንገድ አለ። ኤም አይ ቲ ተማሪዎች ከመምህራን ጋር ምርምር የሚሠሩበትን ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንም ከ1987 ጀምሮ ተማሪዎች አበል እየተከፈላቸው በላቦራቶሪዎች የሚሠሩበትን ፕሮግራም ይደግፋል፤ ይህኛው ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው። በዚያ አገር ያደጋችሁ ልጆቻችን ብትጠቀሙበት መልካም ነው። አገር ቤት ባለ ተማሪ እጅ ያለው ግን ባብዛኛው ሁለት ነገር ነው፦ የተግባር ልምምዱና በመጨረሻው ዓመት ከጓደኞቹ ጋር የሚሠራው የመመረቂያ ፕሮጀክት። ሁለቱ ተማሪዎች ለአንድ ወንበር ሲያመለክቱ፣ የሁለተኛው ወረቀት ቀለል ብሎ ቢታይ አይገርምም። ለመጨመር የሚገፋፋው ስግብግብነት ብቻ ሳይሆን ይህ ልዩነትም ነው። ይህን መካድ አይገባም።

ታዲያ ከሳሽ መስለን ከመናገራችን በፊት፣ ተቀባዮቹ በእርግጥ ምን እንደሚፈልጉ እንይ። በአሜሪካ የምህንድስና ዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው የሚሸፈንለትና መተዳደሪያ የሚሰጠው በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት እየሠራ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት የሚቻልባቸው የትምህርት ክፍሎችም ብዙ ናቸው። ማመልከቻው የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራና የትምህርት ታሪክ፣ የዓላማ መግለጫ፣ ብዙ ጊዜም ሦስት የድጋፍ ደብዳቤዎች ይጠይቃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የምርምር ልምድ ለብቻው የሚፈለግበት ምክንያት አለ። የፈተና ውጤት የሚያሳየው መልሱ አስቀድሞ የታወቀን ጥያቄ መመለስ መቻላችሁን ነው። ምርምር ግን መልሱን መምህሩም የማያውቀው ጥያቄ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ማሽኑ ያሳየውን ያየ ሰው እናንተ ብቻ ናችሁ። ፕሮፌሰሩ ቢሮው ተቀምጦ እናንተ በምታመጡለት ቁጥር ላይ ጽሑፉን ያቆማል፤ ገንዘቡን ያወጣል፤ ስሙን ያስይዛል።

ስለዚህ የሚፈልጉት፣ ቃሉን ባይጠቀሙበትም፣ ምስክር ነው። ማንም ሳያየው ያየውን እንዳየው የሚናገር፣ የጠበቀው ሳይሆን ሲቀር «የጠበቅሁት አልሆነም» የሚል ሰው ነው። እንግዲህ የምርምር ልምዱን አሳምሮ ለመግባት የሚዋሽ ሰው፣ ሊሸጠው ያቀረበውን ዕቃ ራሱ ሰብሮታል። እውነተኝነት በምርምር ላይ የሚጨመር ጌጥ አይደለም፤ ምርምሩ ራሱ ነው። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ከፍርድ ቤት አልፎ ላቦራቶሪ የሚገባው በዚህ በር ነው።

ቁጥሩ

ነገሩን ቀርበን እንየው። አራት የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች በመመረቂያ ፕሮጀክታቸው የቡና ገለፈት አመድ ከሲሚንቶ ጥቂቱን መተካት ይችል እንደ ሆነ ይመረምራሉ እንበል። አመድ የሌለበት፣ 5፣ 10 እና 15 በመቶ አመድ ያለበት፣ በጠቅላላው አራት ዓይነት ኮንክሪት ያዘጋጃሉ። ለእያንዳንዱ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን የሚፈተኑ ሦስት ሦስት ኩቦች ቢሠሩ 24 ኩብ ይሆናል። ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ኩብ 8 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሥራው ጉልበት ይጠይቃል። በ28ኛው ቀን መብራት ይጠፋል። ፈተናው የሚሆነው በ31ኛው ቀን ነው። 15 በመቶ አመድ ካለባቸው ሦስት ኩቦች ሁለቱ በ21 እና በ22 ሜጋፓስካል ሲሰበሩ ሦስተኛው በ14 ይሰበራል። ሪፖርቱ የሚገባው ደግሞ ሰኞ ነው።

እዚህ ሁለት ትንንሽ ውሸቶች ይጠብቋቸዋል። አንዱ «28ኛው ቀን» ብሎ መጻፍ ነው፤ ሦስት ቀን ምን ያመጣል? ሁለተኛው 14ን 21 ማድረግ ነው፤ አማካዩም ያምራል፤ መስመሩም ይቃናል።

የታመነው መንገድ ግን ከባድ አይደለም። «በመብራት መቋረጥ ምክንያት ፈተናው በ31ኛው ቀን ተደረገ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ሦስተኛውን ኩብ በተመለከተ የተሰበረውን ፊት ማየት ነው። በውስጡ ክፍት ቦታ ከተገኘ ሲሞላ በደንብ አልተጠቀጠቀም ማለት ነው፤ ይህ ይጻፋል። አንድን ውጤት ምክንያቱን ገልጦ ከአማካዩ ማውጣት ይቻላል፤ ኃጢአቱ ማውጣቱ ሳይሆን መደበቁ ነው። ደግሞም ልብ በሉ፦ በቃለ መጠይቅ ላይ «ሥራህ ላይ ምን አስቸገረህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚናገረው ያለው 14ን የጻፈው ተማሪ ነው። 21 ብሎ የሞላው ግን ምርምሩ ሊያስተምረው የነበረውን ትምህርት በገዛ እጁ ሰርዞታል።

«ማንን ጎዳሁ?» ለሚለው ደግሞ በታሪክ የተመዘገበ መልስ አለ። በአሜሪካ ቤል ላብስ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው የፊዚክስ ተመራማሪ ያን ሄንድሪክ ሾን፣ ከኦርጋኒክ ቁሶች ትራንዚስተር ስለ መሥራት ባወጣቸው ጽሑፎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገናና ሆኖ ነበር። የተያዘው ሌሎች ሳይንቲስቶች በተለያዩ ሙከራዎች ግራፎች ላይ ያንኑ የመለኪያ ጫጫታ ስላገኙ ነው። በእውነተኛ ልኬት ላይ የሚታየው ያ ትንሽ መንቀጥቀጥ በሁለት ሙከራዎች ተመሳሳይ ሊሆን አይችልም። አጣሪ ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2002 ከመረመራቸው 24 ክሶች በ16ቱ ጥፋተኛ አደረገው። የላቦራቶሪ መዝገብ አልነበረውም፤ የመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ፋይሎችም ተሰርዘው ነበር። ከእርሱ ስም መጥፋት ይልቅ የሚያሳዝነው በየዩኒቨርሲቲው ሥራውን ለመድገም ሲደክሙ ጊዜያቸውን የጨረሱት የዶክትሬት ተማሪዎች ነገር ነው። ሙከራው እንቢ ሲላቸው ችግሩ በእነርሱ እጅ ያለ መስሏቸው ነበር። የተሞላ ቁጥር የሚጎዳው ይኸን የማናውቀውን፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣውን ባልንጀራ ነው። በኩቦቹ ጉዳይ ደግሞ ባልንጀራችን በዚያ ኮንክሪት ላይ ቤቱን የሚሠራው ሰው ሊሆን ይችላል።

«ሠራሁ» እና «ሠራን»

በአማርኛ በ«ሠራሁ» እና በ«ሠራን» መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ነው። በማመልከቻ ላይ ግን ያ ፊደል የሰው ድካም ይይዛል። ከላይ ያነሣናቸው አራት ተማሪዎች አራቱም «ፕሮጀክቱን ነደፍሁ፣ ሙከራውን መራሁ፣ ውጤቱን ተነተንሁ» ብለው ቢጽፉ፣ ወረቀቶቹን አንድ ላይ ያየ ሰው አራት ፕሮጀክት ያለ ይመስለዋል።

ይህ ችግር በትልልቆቹ ዘንድም አለ። ሮበርት ሚሊካን የኤሌክትሮንን ቻርጅ በዘይት ጠብታ ለመለካት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፣ ሃርቪ ፍሌቸር የሚባል የዶክትሬት ተማሪ አብሮት ደክሟል። እ.ኤ.አ. በ1910 የታተመው የዘይት ጠብታ ጽሑፍ ግን የወጣው በሚሊካን ስም ብቻ ነበር። በፍሌቸር ምስክርነት መሠረት፣ አንዱ ጽሑፍ በመምህሩ ስም፣ ሌላው በተማሪው ስም ብቻ እንዲወጣና የተማሪው ለዶክትሬቱ እንዲያገለግል ሐሳቡን ያቀረበው ሚሊካን ነው፤ ተማሪውም ተስማማ። ሚሊካን በ1923 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ፍሌቸር በኋላ በመስማትና በድምፅ ሳይንስ ታላቅ ስም ቢያተርፍም፣ ይህን ታሪክ በሕይወቱ ሳለ አላሳተመውም፤ የወጣው ካረፈ በኋላ በ1982 ነው። በመምህሩም ላይ መራራ ቃል አልተወም። የእርሱ ዝምታ ክርስቲያናዊ ትዕግሥትን ሊያስታውሰን ይችላል፤ ነገር ግን የተበደለው ሰው መታገሡ የወሰደውን ሰው ትክክል አያደርገውም።

ስለዚህ ስትጽፉ የቡድኑንና የራሳችሁን ድርሻ ለዩ፦ «አራት ሆነን በሠራነው ፕሮጀክት የእኔ ኀላፊነት የኩቦቹን ዝግጅትና ፈተና ነበር።» ይህ ዐረፍተ ነገር ከ«ሁሉን ሠራሁ» ይልቅ ይታመናል፤ ብዙ ማመልከቻ ያነበበ ሰው አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ብቻውን ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ያውቃልና።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ የሚዛን መዛባት መናገር ያስፈልጋል፤ በእኛ በአማኞች ዘንድ ይበዛልና። ራስን ማሞገስ ነውር በሆነበት ቤት አድገን፣ በቤተ ክርስቲያንም ትሕትናን ተምረን፣ ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ የደከምንበትን ሥራ «ጥቂት ረዳሁ» ብለን እንጽፈዋለን። በተለይ እኅቶች ይህን ታደርጋላችሁ። ወደ ታች ያጋደለ ሚዛንም አባይ ሚዛን ነው። ጳውሎስ በሮሜ 12 ሰው ስለ ራሱ ሊያስብ ከሚገባው አልፎ እንዳያስብ ሲመክር፣ ስለ ራሱ ምንም አያስብ አላለም፤ እንደ ተሰጠው መጠን በማስተዋል እንዲያስብ ነው የመከረው። ትሕትና የሠሩትን አለመካድንም ይጨምራል። ኩቡ 21 ከሆነ 14 ብላችሁ አትጻፉ።

ደብዳቤው

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ በእናንተ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለምና። ደብዳቤ ልትጠይቁ ሄዳችሁ መምህሩ «አንተው ጻፈውና አምጣ፤ እፈርምልሃለሁ» ሊላችሁ ይችላል። መምህሩ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ብዙ ተማሪ አለበት፣ ጊዜ የለውም፣ ምናልባትም ለእናንተ እንዲበጅ አስቦ ነው። ነገር ግን ደብዳቤው በሌላ ሰው ስም ስለ ራሳችሁ የምትሰጡት ምስክርነት ይሆናል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ ላይ «ደብዳቤውን የማየት መብቴን ትቻለሁ» ብላችሁ እንድትመርጡ ትጠየቃላችሁ። የጻፍነውን ደብዳቤ አናይም ብለን እንዴት እንፈርማለን?

የድጋፍ ደብዳቤ ለመጽሐፍ ቅዱስ እንግዳ ነገር አይደለም። ጳውሎስ በሮሜ 16 መጀመሪያ ላይ ስለ እኅት ፌቤን የጻፈውን ተመልከቱ። በክንክራኦስ ባለች ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መሆኗን፣ ብዙዎችንና ራሱን ጳውሎስን መርዳቷን፣ ተቀባዮቹም በምትፈልገው ነገር እንዲረዷት ይናገራል። አጭር ናት፤ ነገር ግን ማን እንደ ሆነች፣ ምን እንዳደረገች፣ ጸሐፊው እንዴት እንደሚያውቃት አለባት። ጥሩ ደብዳቤ ይኸው ነው። «እጅግ ብሩህ፣ ታታሪና ተግባቢ» የሚል ቃል ለማንም ይለጠፋል፤ «ሦስተኛው ኩብ ለምን እንደ ደከመ ሳላዝዘው ፈልጎ አገኘ» የሚለው ግን ባየ ሰው ብቻ ይጻፋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መምህሩን ሳታሳፍሩ ሸክሙን አቅልሉለት። ቀኑ ሳይደርስ ከወር በፊት ሂዱ። የወሰዳችሁትን ኮርስና ውጤት፣ የፕሮጀክቱን ማጠቃለያ፣ የራሳችሁን ድርሻ በአንድ ገጽ ይዛችሁ እንዲህ በሉ፦ «ዶክተር፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ የሠራሁትን በዝርዝር አምጥቻለሁ፤ ደብዳቤውን ግን አጭርም ቢሆን እርስዎ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።» መረጃ ማቅረብና ፍርዱን መጻፍ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው የእናንተ፣ ሁለተኛው የእርሱ ነው። እንቢ ቢል፣ ሲሠሩ ያያችሁን ሌላ ሰው ፈልጉ፤ የላቦራቶሪ ረዳቱ ወይም በተግባር ልምምድ ጊዜ ኀላፊያችሁ የነበረው መሐንዲስ ሊሆን ይችላል። የታወቀ ማዕረግ ያለው የማያውቃችሁ ሰው ከሚፈርመው፣ የሚያውቃችሁ ሰው የሚጽፈው ይሻላል።

የዓላማ መግለጫውም ከዚህ አይለይም። «ተምሬ ወደ አገሬ ተመልሼ ሕዝቤን አገለግላለሁ» የሚለው መስመር እውነት ከሆነ ድንቅ ነው። ለማሳመር ብቻ የገባ ከሆነ ግን፣ መክብብ በምዕራፍ 5 ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል እንደሚሻል አስጠንቅቆናል። ያልወሰናችሁትን እንደ ወሰናችሁ አትጻፉ። ምን ልትመረምሩ እንደምትፈልጉ መጻፍ ይበቃል።

እውነት የተናገረው ቢቀርስ?

ሊቀር ይችላል። እዚህ ላይ «ታማኝ ሁን፣ በሩም ይከፈታል» ብዬ ብደመድም እኔም በሚዛኑ ላይ ጣቴን መጫኔ ነው። ፕሮፌሰሩ በዚያ ዓመት ገንዘብ ባይኖረው፣ ወንበሩ አንድ ብቻ ቢሆን፣ የሌላው ወረቀት ቢያበራ፣ ሐቀኛው ይቀራል። 21 ብሎ የሞላው ጓደኛው ቪዛ ይዞ ሲሄድ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ይሸኘው ይሆናል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን፤ ንጋቱ ግን በዚህ ዓመት የማመልከቻ ጊዜ ውስጥ ይሆናል ያለ የለም።

ታዲያ ለምን? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ በምስክርነት ፕሮግራም ቆመን «ጌታ በር ከፈተልኝ» እንላለን። በሩን የከፈተው በሌሊት የተሞላ ቁጥር ከሆነ ምስጋናውን ለማን እንሰጣለን? በውሸት የተገኘ ዕድል የሚወስድብን አንዱ ነገር ከልብ የማመስገን ደስታን ነው። ሁለተኛ፣ የገባነው በምን ኃይል ከሆነ የምንቆየውም በዚያው ነው። በሌላ ሰው ድካም ላይ «ሠራሁ» ብሎ የገባ ሰው፣ ያንን ሰው መስሎ ለአምስት ዓመት መኖር አለበት። በልኩ የገባ ግን «ይህን አላውቅም፣ አስተምሩኝ» ማለት ይችላል፤ ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ነጻነት ምን አለ?

ከባቢሎን እስከ ኢየሩሳሌም ያለው መንገድ አራት ወር ያህል ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ካህናቱ ዕቃውን ሲሸከሙ የሚመዝናቸው አልነበረም። ቅድስናቸው የታየው በመጨረሻው ሚዛን ላይ ቢሆንም የተጠበቀው ማንም በማያይበት መንገድ ላይ ነው። የእናንተ መንገድ አሁን ነው፤ ማመልከቻው ገና ወራት ቀርተውታል። ዛሬ ገጹ የማይገነጠል አንድ ደብተር ግዙ። ቀኑን፣ ያደረጋችሁትን፣ ማሽኑ ያሳየውን፣ ያልተሳካውንም በእስክሪብቶ ጻፉ። ስትሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዙ እንጂ አታጥፉ። አብሯችሁ የሠራውን ጓደኛ ስም አስገቡ። የማመልከቻው ጊዜ ሲደርስ ከዚያ ደብተር ቅዱ፤ አትጨምሩ፤ አትቀንሱም። ከዚያ በኋላ ጸልዩና ላኩት። ቢቀበሏችሁ የተቀበሉት እናንተን ነው። ባይቀበሏችሁም በእጃችሁ የቀረው ሙሉ ነው።